የነጂው ስም

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1994
ከመርከብ ላይ

ውድ ማርሊስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጀርባዬ በቀር ደህና ነኝ። ጀርባዬም ቢሆን ካንቺ ጋር ስሆን ነው እንጂ እዚህ ማንም ስለማይሰማው ብዙ አያማርርም። ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌው ረዘመ ብለሽ ይቅርታ መጠየቅሽን ተዪው፤ መርከብ ለሚመራ ሰው እጅጌ ሲረዝም ጥሩ ነው፣ ጣት ያሞቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ስላደረግሽልኝ ነገር ማመስገን አለብኝ። በመብራት ማማው ጉብታ ፊት ለፊት ስናልፍ አንድ ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ነበር፤ ሰማዩ ደመና፣ ሐይቁም ሰማዩም አንድ ዓይነት። አሥር ደቂቃ ቀድመን ስለነበር ዛሬስ አትደርስም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። የፒክአፓችንን መብራት ሳየው ልቤ ሞቅ አለ። ሦስት ረጅም፣ ሁለት አጭር። ካፒቴኑ "ይቺ ሴትዮ አልሰለቻትም?" አለና ጡሩምባውን እንደዚያው ሦስት ረጅም ሁለት አጭር ነፋልሽ። ሰምተሻል? እኔም እንደ ወትሮዬ መዳፌን ስሜ በመስኮቱ ላክሁልሽ። ሁለተኛው መኮንን ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። በዚህ መርከብ ላይ ስምንት ባለትዳሮች አለን፤ መብራት የሚበራለት እኔ ብቻ ነኝ። መቅደማችንን እንዴት እንዳወቅሽ ግን አልገባኝም።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ የዌንዴል አሆ ስም አራት ጊዜ አለ። ቆጠርኩት። ዌንዴል የበረንዳውን ደረጃ ጠገነ፣ ዌንዴል አዲሱን መዝሙር አስጠና፣ ዌንዴል የተጨሰ ዓሣ ሰጠን። አራተኛውን መጻፍ አልፈልግም። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ይመታል፣ ግራጫ ባርኔጣውን አጋድሎ ያደርጋል። እኔ ወንድ ነኝ፣ ባርኔጣ ለምን እንደሚጋደል አውቃለሁ።

ስለ አባቴ ያልሽውን አንብቤያለሁ። በዓሣ ጀልባቸው ላይ የነበረውን ሬዲዮ ከጓዳ ወደ መስኮቱ አጠጉት አልሽ። ይሁን። ስለ እኔ አልጠየቁም አላልሽም፤ ግን ጠየቁም አላልሽም። ከጀልባቸው ወርጄ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ከወጣሁ ጀምሮ ሦስት ዓመት ስሜን አልጠሩትም። እኔም የእሳቸውን አልጠራሁም።

ናፋቂሽ፣
ሬይኖ


ሴፕቴምበር 21 ቀን 1994
ከቤት

ሬይኖዬ፣

እኛ ደህና ነን። ጎመኑ ተለቅሟል፣ ቱቦው ከመቀዝቀዙ በፊት ተሸፍኗል፣ ድመቷ እንደገና ጠፍታ እንደገና ተገኝታለች።

ጡሩምባውን ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን በከተማው ውስጥ ያልሰማው የለም። መቅደማችሁ ደግሞ ምስጢር አልነበረም፤ ካፒቴንህ በሬዲዮ ሲያወራ ሐይቁ ዳር ያለ ሁሉ ይሰማዋል። ስለ መብራቱ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ስላለህ ደስ ብሎኛል።

በፖስትካርዱ ላይ ለጠየቅከኝ፣ ሰኞ ጠዋት ከወደብ ስትደውል ቤት አልነበርኩም። ለምን በጠዋት እንደወጣሁ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ። ደግሞ ስልክ ላይ አትጠይቀኝ፤ ከጀርባህ ስድስት ሰው ተሰልፎ እየሰማህ የምትጠይቀውን ጥያቄ እኔም ደስ ብሎኝ አልመልስም።

ስለ ዌንዴል ተሳስተሃል። አራት ሳይሆን አምስት ጊዜ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለውን ዘለልከው። ደረጃ የሚጠግን ሌላ ወንድ ካገኘህልኝ የእሱን ስም ስድስት ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሳውናውን፣ ያነደዱት አባትህ ናቸው። ማን አነደደው ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ልንገርህ ብዬ ነው።

ስምህ ያለበትን ፖስታ ሁሉ እንደ ወትሮው ሳልከፍት አንድ ላይ አስሬ ልኬልሃለሁ። የመድን ድርጅቱ አለ፣ የማኅበሩ ጋዜጣ አለ፣ ከአውራጃው የመጣ አንድ ነገርም አለ፣ የመሬት ግብር ይመስለኛል። ደክሞኛል፣ በጊዜ ልተኛ ነው።

ማርሊስ


ሴፕቴምበር 29 ቀን 1994
ከመርከብ ላይ

ማርሊስ፣

ሰላምታውን ልዝለለው፣ ይቅርታ። ደህና አይደለሁም።

ትናንት ዲትሮይት ወንዝ ላይ የፖስታዋ ጀልባ ተጠጋችን፣ ባልዲውን በገመድ አወረድን፣ ያንቺ ጥቅል በባልዲው ወጣ። ጋዜጣውን ለማዕድ ቤቱ ሰጠሁ። ከአውራጃው የመጣውን ቆሜ ከፈትኩት። የመሬት ግብር አይደለም።

የትራፊክ ቅጣት ወረቀት ነው። በእኔ ስም፣ በእኔ ታርጋ። እንደዚህ ይላል፦ "ሴፕቴምበር 13፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት፣ በሲዳር መንገድ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቁጥር 9 ቆሞ፣ ቀይ መብራቱ እየበራና የ‹ቁም› ሰሌዳው ተዘርግቶ ሳለ፣ ሰማያዊ ፒክአፕ ከፊት ለፊት መጥቶ ሳይቆም አልፏል። ተማሪ በመሻገር ላይ ነበረች።" ቃሉን የሰጠው የአውቶቡሱ ነጂ ነው። ከሥር ደግሞ የነጂው መልክ የሚል ሳጥን አለ። "ወንድ። ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ።"

ወንድ፣ ማርሊስ። በእኔ ፒክአፕ፣ በእኔ መሪ ላይ፣ ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ ወንድ።

ሲዳር መንገድ ላይ የማን ቤት እንዳለ እኔም አንቺም እናውቃለን። ሲዳር መንገድ ወደ ማማው ጉብታ እንደሚያወጣም እናውቃለን። ከዚያች ደቂቃ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ነው መብራቱን ያየሁት። እንግዲህ ምን ልበል? ሰውዬው አንቺን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ልጅ እንዳይገጭ እንኳን ሳይቆም እየበረረ ወስዶሽ፣ ለእኔ መብራት አበራሽልኝ? ወይስ መብራቱን የሚያበራው እሱ ነው፣ አንቺ ትስቂያለሽ? እኔ ጅሉ መዳፌን እየሳምኩ በመስኮት እልክ ነበር።

ትናንት ስምንት ሰዓት ሙሉ መሪው ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው መኮንን አቅጣጫ ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፣ ይህ ውኃ ላይ በሠራሁበት ሃያ ዓመት ደርሶብኝ አያውቅም። የበረንዳው ደረጃ ስንት ደረጃ ነው? ሦስት። ሦስት ደረጃ ለመጠገን አንድ ወንድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል?

ከወረቀቱ ጋር ቅጽ አለ። "መኪናውን የነዱት እርስዎ ካልሆኑ የነጂውን ስም እዚህ ይጻፉ" ይላል። መስመሩ ባዶ ነው። ስሙን ካንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ሬይኖ


ኦክቶበር 4 ቀን 1994
ከቤት

ሬይኖ፣

አንተ ያሰብከው ወንድ የለም።

ይህን አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ደግሜ አልጽፈውም። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለጠየቅከው ሌላ ሁሉ አሁን መልስ የለኝም። ምስጢሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እነግርህ ነበር። የሌላ ሰው ስለሆነ እሱን ማስፈቀድ አለብኝ፣ እሱ ደግሞ እሺ አይልም። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ቅጹን ሳትሞላው መልሰህ ላክልኝ፣ እዚህ እጨርሰዋለሁ። እባክህ።

ያን ወረቀት ራሴ አስሬ እንደላክሁልህ ሳውቅ ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ወደ ቤት ይመጣል፣ እከፍለዋለሁ፣ ያልፋል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ድካም ያጃጅላል።

ደረጃው ሦስት አይደለም፣ አራት ነው። የቤትህን ደረጃ ረስተሃል።

ማርሊስ


ኦክቶበር 8 ቀን 1994
ለአውቶቡስ ቁጥር 9 ነጂ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል የሚሰጥ

የተከበሩ ወንድሜ፣

አንተዋወቅም፤ ስምዎ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። እኔ ሴፕቴምበር 13 ቀን ሳይቆም ያለፈዎት የሰማያዊው ፒክአፕ ባለቤት ነኝ። አልነዳሁትም፣ ሐይቅ ላይ መርከብ እየመራሁ ነበር። ቢሆንም በመኪናዬ ስም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እኛ ልጅ አላገኘንም፤ ግን ትንሽ ልጅ መንገድ ስትሻገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ያቺ ልጅ ከሰው መኪና ሥር ገብታ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወንድ ለወንድ እንነጋገር። ይህን የምጽፍልዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው። ፒክአፑን የነዳው ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ነው ብለዋል። አጠገቡ ሴት ነበረች? ቡናማ ጸጉር ያላት፣ አርባ ዓመት የሆናት፣ ግን የማትመስል። ከነበረች ስትስቅ አይተዋል? ከሁሉ ይህን ማወቅ ነው የምፈልገው። ሚስቴ ስትስቅ አገጯን ቀና ታደርጋለች፤ ያንን ካዩ አይሳሳቱም።

ሚስቴን ጠየቅኳት፣ ምስጢሩ የሌላ ሰው ነው አለችኝ። ይህን ሰምቶ የሚተኛ ባል ካለ ያሳዩኝ። ስለዚህ ዛሬ ቅጹን ሞላሁት። ነጂው ዌንዴል አሆ ነው ብዬ ጽፌ ፈርሜ ለአውራጃው ልኬዋለሁ። ልክ መሆኔን ይንገሩኝ። እጄ ሲጽፍ እርግጠኛ ነበር፤ ፖስታው ከታሸገ በኋላ ነው እርግጠኛነቱ የጠፋኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ሚስቴ ከሁለት ዓመት በፊት የእርስዎን ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ ብላ ነበር። ማዕድ ላይ፣ እንግዶች ባሉበት። እኔ ሳቅሁ። የቤተ ክርስቲያኑን በር በፒክአፕ የላጠች ሴት አውቶቡስ ልትነዳ ነው ብዬ እንግዶቹንም አሳቅኋቸው። ያን ጊዜ ፊቷን አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፣ ያኔ ማለት ነበረብኝ። ምናልባት ሌላውን ሰው የፈለገችው ከዚያ ማታ ጀምሮ ይሆናል።

መልስዎን በመርከቡ አድራሻ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ፣
ሬይኖ ላህቲ


ኦክቶበር 19 ቀን 1994
ለአቶ ሬይኖ ላህቲ፣ ከአውቶቡስ ቁጥር 9 ነጂ

ክቡር ሆይ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ዓርብ ከሰዓት መኪና ማቆሚያው ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ። ለጥያቄዎ መልስ እነሆ። አጠገቡ ሴት አልነበረችም። ሴትየዋ አውቶቡሱን እየነዳች ነበር። አልሳቀችም።

የእኔ ነው አውቶቡሱ፣ ሬይኖ። ከሴፕቴምበር መጀመሪያ ጀምሮ ቁጥር 9 የእኔ ነው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ከኤፕሪል ጀምሮ ስሠለጥን ነበር። ሰኞ ጠዋት ስልክ ያላነሳሁት ለዚህ ነው። በጊዜ የምተኛው ለዚህ ነው። ሠላሳ አንድ ልጆች በየደጃቸው ቆመው ይጠብቁኛል። አንተ ስትመጣ፣ የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ፣ መታወቂያዬን ማዕድ ላይ ሳህንህ አጠገብ ላስቀምጥልህ ነበር። እንግዶች ባሉበት። የሳቅከው ሳቅ ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይቅርታህን ለማላውቀው ወንድ ጻፍከው፣ እኔም በእሱ ፈንታ ተቀበልኩት። እንዲያውም ለእኔ ብትጽፈው ኖሮ ግማሹን እንኳን አትጽፈውም ነበር።

አሁን ሌላውን ልንገርህ። ባለ ምስጢሩ ፈቅደውልኛል፤ ምርጫ አጥተው ነው።

ግራጫ ባርኔጣ ያደረገው ሰው አባትህ ናቸው።

ኤፕሪል ላይ አንድ ጠዋት ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። መርከብህ እንደሚያልፍ በሬዲዮ ሰሙ፣ እኔን ሳይቀሰቅሱ ቁልፉን ወስደው ወደ ጉብታው ሄዱ። ሲመለሱ "ተኚ፣ እኔ አብርቼለታለሁ" አሉኝ። በሳምንቱም ሄዱ። ከዚያ በኋላ እኔ አልሄድኩም። ሬዲዮውን ወደ መስኮት ያጠጉት ላንተ ነው። ለልጄ ብትነግሪ ከዚህ ቤት እወጣለሁ ብለው አስማሉኝ። የምትልከውን ስሞሽም በሩቅ ማያ መነጽራቸው አይተውታል። "ይህ ልጅ አፉን ምን ነክቶት ነው መዳፉ ላይ የሚተፋው?" ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩ አትጠይቀኝ።

ያን ማክሰኞ አሥር ደቂቃ ቀደማችሁ። አባትህ ቸኮሉ። እኔ ሲዳር መንገድ ላይ አቁሜ፣ ሰሌዳውን ዘርግቼ፣ ሄደን ከሚባለው ቤተሰብ ትንሿ ልጅ መንገዱን እየተሻገረች ነበር፤ ቢጫ ቦት ጫማዋ ሁልጊዜ ይሰፋታል። ፒክአፑን ከሩቅ ሳየው አወቅሁት። ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። ልጅቷ ፒክአፑ በሚያልፍበት በኩል ለመግባት አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷት ነበር። ጡሩምባዬን ስነፋ ቆማ ወደ እኔ ዞረች፣ እሳቸው በፊቷ አለፉ። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም፣ ዓይናቸው ሐይቁ ላይ ነበር።

ደንባችን ታርጋውን ወዲያውኑ ጻፊ ይላል። የራሴን ቤት ታርጋ ጻፍኩት። ሌላ ሰው ቢሆን እጽፍ ነበር፣ የቤቴ ስለሆነ ልተወው? ሠላሳ አንድ እናቶች ልጆቻቸውን የሚሰጡኝ እንደዚያ አድርጌ አይደለም። ነገር ግን "የነጂው መልክ" የሚለው ሳጥን ላይ ስደርስ "ወንድ፣ ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ" ብዬ አቆምኩ። ስማቸውን መጻፍ አቃተኝ። ጥፋቴ ይህ ነው፣ ለኃላፊዬም ነግሬያለሁ። ገሥጾኛል፣ አውቶቡሱን ግን አልወሰደብኝም።

ያንተን ጥፋት ደግሞ ስማ። ሐሙስ የመዘምራን ልምምድ ላይ የአውራጃው ፖሊስ፣ የሸሪፉ ሰው፣ መጥቶ ለዌንዴል መጥሪያ ሰጠው፣ በሁላችንም ፊት። ዌንዴል አነበበው፣ መነጽሩን ለውጦ እንደገና አነበበው። "በፍጥነት በመንዳት ተከስሼ አላውቅም" አለ። እውነቱን ነው፤ ከእሱ ኋላ የነዳ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ከዚያ ሴቶቹ የማን ፒክአፕ እንደሆነ አነበቡ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንዲያ እያዩኝ ቆሜ መዝሙር መዘመር ነበረብኝ። ዌንዴል ግን ወረቀቱን ኪሱ ከተተና "ከሦስተኛው ገጽ እንቀጥል" አለ።

አባትህ ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አድርገው በእግራቸው ወደ ሸሪፉ ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊዋ አልተቀበለቻቸውም። ስም የጻፈው የመኪናው ባለቤት ስለሆነ መሰረዝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፣ በምትኩም ትክክለኛውን ስም በእጁ መጻፍ አለበት አለቻቸው። አዲሱ ቅጽ እዚህ ውስጥ አለ። ባዶው መስመር ያው ነው።

ከጻፍከው መንጃ ፈቃዳቸው ይወሰዳል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ አይመለስላቸውም። ወደ ጉብታው አይሄዱም ማለት ነው። ካልጻፍከው ዌንዴል ይከሰሳል፣ አባትህም ነገ ጠዋት እንደገና ይነዳሉ፣ እኔም ነገ ጠዋት እዚያ መንገድ ላይ ልጆች አሳፍራለሁ። ቁልፉን ደብቄዋለሁ፣ ግን ሽማግሌ ቁልፍ ያገኛል።

ማርሊስ


ኦክቶበር 26 ቀን 1994
ከመርከብ ላይ

ማርሊስ፣

ደብዳቤሽን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ ነው ያነበብኩት፤ እዚህ ደግሞ መሬት የለም።

በአንድ ባርኔጣ ቀንቼ ነው ሰው የከሰስኩት። ባርኔጣውን ራሴ ነኝ ከዓመታት በፊት ለገና የገዛሁላቸው። ሳጥኑን ሳነብ ያ አልታወሰኝም፣ ዌንዴል ነው የታወሰኝ።

ለዌንዴል ለብቻው ጽፌያለሁ። አራት ጊዜ ጀመርኩት። የቀናሁብህ ደረጃ መጠገን ስለምታውቅ ነው አልኩት። ይህም እውነት ነው። እኔ ዘጠኝ ወር ውኃ ላይ ስኖር ቤቴ ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ ሁሉ ያስቀናኛል። አሁን ደግሞ በሠላሳ አንድ ልጆች ቀንቻለሁ። ጠዋት ጠዋት የምትወጪላቸው እነሱ ናቸው። ከኤፕሪል ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳን ወደ ጉብታው አልመጣሽም፣ እኔ ደግሞ እያመሰገንኩሽ ነበር። ዝም ብለሽ ምስጋናውን ተቀበልሽ። ይህ ትንሽ ያመኛል፣ አልደብቅሽም። ከዚህ በላይ ግን አልልም፣ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ቅጹን በተመለከተ። ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ቡና ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘብኝ። ሦስት ዓመት ስማቸውን በአፌም በእጄም አልጠራሁም። የመጀመሪያ ጊዜ ስጽፈው የመክሰሻ ወረቀት ላይ ይሁን? መብራት ሲያበሩልኝ የከረሙትን ሰውዬ መብራቱን ልቀማቸው? ከዚያ ስለ ቢጫው ቦት ጫማ አሰብኩ። አንድ እርምጃ ብለሻል።

ጻፍኩት። ኡርሆ ላህቲ። ነጂው እሳቸው ናቸው። ቅጹ ለአውራጃው ሄዷል፤ ግልባጩን እዚህ ውስጥ አድርጌያለሁ፣ ለእሳቸው ስጪልኝ። ከሸሪፉ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

መርከቡ ለክረምት ከመቆሙ በፊት አንድ ጊዜ በከተማው በኩል እናልፋለን፣ ኖቬምበር 12፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ። ጉብታው ላይ ማንም እንደማይኖር አውቃለሁ። ግን መሪው ላይ እኔ ነኝ።

ሬይኖ


ኖቬምበር 13 ቀን 1994
ከቤት

ሬይኖዬ፣

በስልክ ስናወራ የነበረብህ ጉንፋን ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። በረዶ ትንሽ ጥሏል፣ መንገዱ ግን ክፍት ነው። ያልነገርሽኝ ነገር አለ ወይ ብለህ ያኔ ስለጠየቅከኝ፣ ይህ ብቻ ነው የቀረው፤ ጠዋት አውቶቡሱን ሳሞቅ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ ያለችውን ሩብ ሰዓት እወዳታለሁ። ላንተ ብዬ አልተዋትም። በምትመጣበት ክረምት ግን ልታያት ትችላለህ፣ የፊት ወንበር አለ።

ግልባጩን ለአባትህ ሰጠኋቸው። መስኮቱ ጋ ወስደው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ስለ መንጃ ፈቃዱ ምን እንደሚሉ ስጠብቅ "ስሜን አልረሳውም" አሉ። ከዚያ ደግሞ "ላህቲ የሚለውን ሁሌም እንደዚህ አጣምሞ ነው የሚጽፈው" አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ሬዲዮው ሥር አደረጉት። ማግሥቱን መንጃ ፈቃዳቸውን ራሳቸው ወስደው አስረከቡ። ከዚያ ወደ ሄደን ቤተሰብ ቤት ሄደው ለልጅቷ እናት ይቅርታ ጠየቁ። እዚያ ያሉትን አላውቅም፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር የተመለሱት። አልጠየቅኳቸውም።

ዌንዴልም ደብዳቤህን አንብቧል። መልስ አይጽፍም፤ መጻፍ አይወድም። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን በእግሩ መጣና በሩን አንኳኳ። "መርከቡ ዛሬ አይደለም ወይ?" አለ። እኔ ልነዳ ነበር። አባትህ ግን ቁልፉን አውጥተው፣ የት እንዳገኙት እግዜር ይወቅ፣ ለእሱ ሰጡት። "ስምህ ባለፈው ያለ ሥራው ተነሥቷል፣ ዛሬ በሥራው ይነሣ" አሉት።

ሲዳር መንገድ ላይ፣ ልጆች የማሳፍርበት ቦታ ስንደርስ፣ ዌንዴል ሙሉ በሙሉ ቆመ። ቅዳሜ ነው። አውቶቡስ የለም፣ ልጅ የለም፣ ውሻ እንኳን የለም። "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። "አንዴ ተከስሻለሁ፣ ልጠንቀቅ" አለ። አባትህ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ጉብታው ላይ ቀድመን ደረስን። ሦስታችንም በአንድ ወንበር ላይ ነበርን፣ መሃል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው። መርከብህ ሲታይ አባትህ በእኔ ላይ ተንጠራርተው መብራቱን ራሳቸው ያዙት፣ ያንን ለማንም አልሰጡም። ሦስት ረጅም፣ ሁለት አጭር። ከዚያ የሩቅ ማያውን መነጽር አነሱ። መዳፍህን ስትስም አዩህ፤ እኔም አየሁ። ለማን እንደሆነ ግን አልተስማማንም። እሳቸው "ለእኔ ነው" አሉ። እኔም አልተከራከርኩም፣ መነጽሩ በእጃቸው ነበር።

ከአውራጃው ሌላ ወረቀት መጥቶ ኖቬምበር 12 ከሰዓት ፒክአፑን ማን እንደነዳው ቢጠይቅህ፣ የነጂው ስም በሚለው መስመር ላይ ዌንዴል አሆ ብለህ ጻፍ። እኔም እፈርምልሃለሁ።

ማርሊስ
የአውቶቡስ ቁጥር 9 ነጂ